የገንዳው ደብዳቤ

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ! ልባችሁ የከጀለው ሰው ከሞጣ ደብዳቤ ላከ ተብሎ እግራችሁ መሬት አልረግጥ ሲል፣ ፖስታው ሲከፈት ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ውሃ ቢሆን ምን ትላላችሁ? ስለ ውሃ! ስለ አረንጓዴ ልጋግ፣ ስለ ግድግዳ፣ ስለ መጥረጊያ! ያውም እኔው ራሴ አባቴ ፊት ቆሜ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ከ«ለተከበሩ» እስከ «አክባሪዎ» ድረስ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ለእኔ የሚሆን አንዲት ቃል የለበትም። እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ታሪኬን ዛሬ ከመሐል የምትይዙት እንዳትቸገሩ ከሥሩ ላውራችሁ። ሀብትነሽ እባላለሁ፤ የቢቸናው የፊታውራሪ ኃይለ ጊዮርጊስ አንድ ልጅ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ስምንተኛ ክፍል እንደጨረስኩ አባቴ «ሴት ልጅ ከዚህ በላይ ተምራ ማንን ልትከስ ነው?» ብለው በበቅሎ አስመለሱኝ። እናቴ ስለሌለች ቤቱን የሚመሩት የአባቴ እህት እትዬ ወለተ ሐና ናቸው። የእኔ ሥራ ደብዳቤ ማንበብ ነው። አባቴ ዳዊታቸውን ይደግማሉ፤ የእጅ ጽሑፍ ግን ዓይናቸው አይለየውም። ስለዚህ እዚያ ቤት የገባ ወረቀት ሁሉ በእኔ አፍ ነው የሚያልፈው።

ገንዳውን ያመጣብን አዲስ አበባ ነው። አባቴ ለጉዳይ ሄደው አንድ ትልቅ ሰው ግቢ ውስጥ የመዋኛ ገንዳ አዩና እንቅልፍ አጡ። ከደብረ ማርቆስ ግንበኛ አስመጥተው ጓሯችን ውስጥ ርዝመቱ አሥራ አምስት እርምጃ፣ ጥልቀቱ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ጉድጓድ አስቆፈሩ፤ በሲሚንቶ አስለሰኑት፤ የብረት መሰላል አስተከሉበት፤ ከቀዩ ኮረብታ ሥር የሚፈልቀውን ምንጭ በቦይ ጠልፈው ሞሉት። በቢቸና ዋና የሚችል ሰው አላውቅም። አባቴም ቢሆኑ ከጉልበት በላይ ውሃ አይደፍሩም። እንግዳ ሲመጣ ግን ገንዳውን ሳያይ ምሳ አይቀርብለትም፤ እሳቸውም ያንን ከሞጣ ያስመጡትንና የሚሳሱለትን ጋቢ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ዳር ዳሩን ያስጎበኛሉ።

በስድሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ጥር ላይ ታቦት የሚወርድበት ወንዝ ደረቀ። «ወደ እኔ ይውረድ!» አሉ አባቴ። ወረደ። የደብሩ አለቃ አባ ወልደ ሰንበት ውሃውን ባረኩት፤ አገሩ ተረጨ፤ የአባቴ ደረት ተነፋ። ከዚያ በኋላ ግን ጉድ ፈላ። የተባረከ ውሃ እግርና ከብት በሚረግጠው ላይ አይለቀቅም፤ የገንዳው መልቀቂያ ደግሞ የሚወጣው በቀጥታ ወደ ገበያው መንገድ ነው። ስለዚህ ውሃው ባለበት ቆመ። የካቲት ላይ ጠርዙ አረንጓዴ ሆነ። መጋቢት ላይ ግድግዳው አሙለጨለጨ፣ ውሃው ጎመን የተቀቀለበት መሰለ፣ እንቁራሪቱ እንቅልፍ ነሳን። ሽታውንማ ተዉት።

እንዲሁ ይቀር ነበር። ግን የሉማሜው ግራዝማች ሣህለ ማርያም ለልጃቸው እኔን ሊጠይቁ፣ ለዳግማይ ትንሣኤ ሽማግሌዎች ይዘው እንደሚመጡ ተሰማ። «ገንዳው ይጥራ!» አሉ አባቴ። እኔ ልጁን እፈልገው እንደሆነ የጠየቀኝ የለም። ቤቱ ሁሉ የተጨነቀው ለገንዳው ነው!

ደምለው የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። የሞጣ ጤና ጣቢያ ሳኒተሪያን ነው፤ ጎንደር የተማረ፣ ረጅም፣ ረጋ ያለ ሰው። ሥራው በየቤቱ እየዞረ ሽንት ቤት ቆፍሩ፣ ምንጫችሁን እጠሩ ማለት ስለሆነ ሰዉ «የሽንት ቤት ሹም» ነው የሚለው። አባቱ ሸማኔ ነው። አባቴ ይህንን ገና ከበቅሎ ሳይወርድ ጠይቀው አረጋገጡና፣ እልፍኝ ሳያስገቡት ምሳውን ጓሮ ላኩለት። ከሩቅ ሲያነጋግሩት እሱ ትከሻቸው ላይ ያለውን ጋቢ ትኩር ብሎ ሲያይ ታዘብኩ። ፈርቶ መሰለኝና ይበልጥ ተናደድኩ።

ምሳውን የወሰድኩለት እኔ ነኝ። ገንዳው ዳር ተንበርክኮ፣ ውሃ በብርጭቆ ቀድቶ ወደ ፀሐይ አንሥቶ ያያል። በብርጭቆው በኩል አየኝ።

«ወይዘሪት፣ አረንጓዴ ሆነው ታዩኝ» አለ።

ሳልወድ በግዴ ሳቅሁ። እሱም ብርጭቆውን ዝቅ አደረገና በባዶ ዓይኑ አየኝ፤ ቶሎ አላነሣውም። እኔም አላቀረቀርኩም። በደም ሥሬ ሙቅ ነገር ሲሄድ ተሰማኝ።

አምስት ቀን ቆየ። አባቴን «ይለቀቅ፣ ግድግዳው ይታጠብ፣ በአዲስ ውሃ ይሞላ» ቢላቸው፣ «የተባረከ ውሃ ልቀቅ የምትለኝ ክርስቲያን አይደለህም?» ብለው ጮኹበት። በየቀኑ ምሳ ሳደርስለት ትንሽ ትንሽ ያስተምረኝ ነበር። አረንጓዴው ሕይወት ያለው ነገር እንደሆነ፣ የቆመ ውሃና ፀሐይ ሲያገኝ እንደሚራባ፣ ከግድግዳ ሳይፋቅ መድኃኒት እንደማይደርስበት ነገረኝ። በአምስተኛው ቀን ብሩሹን እየጠቀለለ «ሀብትነሽ፣ አንቺም እዚህ ቤት እንደዚህ ውሃ ቆመሽ እንዳትቀሪ» አለኝ።

«ማን አንቺ በለኝ አለህ?» አልኩት።

«ልተወው?»

«እንዳትተወው!»

ሄደ። እኔም ደብዳቤ ጠበቅሁ። እህ! ምን ዓይነት ደብዳቤ እንደመጣ ነገርኳችሁ።

ደብዳቤው የመጣው ከትንሣኤ በኋላ ሐሙስ ዕለት፣ በጭነት መኪና፣ ከአንድ ትልቅ ቆርቆሮ የክሎሪን ዱቄት ጋር ነው። አባቴ ወንበራቸው ላይ ተደላድለው «አንብቢ» አሉኝ። አነበብኩ።

«አንደኛ፣ የግድግዳው አረንጓዴ በመጥረጊያ ይፋቅ። ሁለተኛ፣ ከላይ የተንሳፈፈው በወንፊት ይለቀም። ሦስተኛ፣ ይህ ከሁሉ ይበልጣል፤ መድኃኒቱ ወደ ገንዳው ከመግባቱ በፊት ከገንዳው አንድ ብርጭቆ ውሃ ተቀድቶ፣ የጥፍር ጫፍ ያህል ዱቄት ተጨምሮበት እስከ ማግሥቱ ይቀመጥ። ምንጩ ከቀይ አፈር የሚወጣ ስለሆነ ብረት ሳይኖርበት አይቀርም። ብርጭቆው እንደ ሻይ ከቀላ በገንዳው ላይ ምንም እንዳይጨመር። ይላክብኝ፤ እኔው ራሴ እመጣለሁ።»

«በብርጭቆ?» አሉ አባቴ። «የሸማኔ ልጅ እኔን በብርጭቆ ያስለካኛል? እንግዶቼ እሑድ ናቸው!»

«አባባ፣ እስከ ነገ ብቻ ነው እኮ። ከሁሉ ይበልጣል ይላል።»

«አንቺ አንብቢ እንጂ አትዳኚኝ! ቆርቆሮ ሙሉ የላከው ቆርቆሮ ሙሉ እንዲጨመር ነው።»

ቆርቆሮው እንዳለ ተገለበጠ። ከሰዓት በኋላ አረንጓዴው ሲገረጣ አባቴ እየሳቁ እጃቸውን አፋተጉ። ዓርብ ጠዋት ስንነሣ ውሃው ቀልቷል። ግድግዳው፣ መሰላሉ፣ ደረጃው ሁሉ የደረቀ ደም የመሰለ እድፍ ተለቅልቋል። እትዬ ወለተ ሐና ጓሮ ወጥተው አዩና «በስመ አብ!» ብለው እዚያው ቁጭ አሉ። እስከ ቀትር ድረስ የተባረከው ውሃ ደም ሆነ የሚለው ወሬ ቢቸናን አዳረሰ።

አባቴ መጀመሪያ ደነገጡ። ከዚያ ተቆጡ። ከዚያ ደግሞ፣ ሞት ይርሳኝ፣ ጥፋተኛ አገኙ። «ያ የሽንት ቤት ሹም ነው ያረከሰብኝ! ከሥራው ካላስነቀልኩት ኃይለ ጊዮርጊስ አይደለሁም!» ነጭ ለባሽ ታጣቂ ሞጣ ድረስ ላኩበት። እኔንም ጠሩኝና «ያንን ደብዳቤ አቃጥይው። ከጠየቁሽ ሁሉንም ጨምሩ ይላል ትያለሽ» አሉኝ።

«አባባ፣ እንደዚያ አይልም!»

«አሁን ይላል።»

ጓዳ ገባሁና ምድጃው ፊት ቆምኩ። ወረቀቱን አንድ ሁለቴ ወደ እሳቱ ዘረጋሁት። ስለ ውሃ ብቻ የጻፈ ሰው! አንድም ጊዜ ስሜን ያልጠራ ሰው! ይቃጠልለት አልኩ። ግን የእጁ ጽሑፍ ነው። «ይበልጣል» የሚለው ላይ ብዕሩን ጫን እንዳደረገ እንኳ ይታያል። አጣጥፌ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት፤ በራሴም በእሱም እየተናደድኩ አለቀስኩ።

እሑድ ግራዝማች ሣህለ ማርያም ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። አዳራሹ ሞልቷል። ገንዳው እንደማይታይ አባቴ ገና ከበሩ ነገሯቸውና፣ ጠጁ ሳይቀዳ በፊት ደምለውን አስገቡት። ከሞጣ ድረስ በአቧራ ተጉዟል፤ ጫማው ነጭ ሆኗል። ነጭ ለባሹ እንደ ሌባ ከኋላው ቆሟል። አባ ወልደ ሰንበት ጥግ ላይ ናቸው። እኔ ከእትዬ ወለተ ሐና ጎን መጋረጃው አጠገብ ነኝ።

«መድኃኒቱን ልከሃል ወይስ አልላክህም?» አሉ አባቴ።

«ልኬያለሁ፣ ጌታዬ።»

«ደብዳቤስ?»

«ጽፌያለሁ።»

«ሁሉንም ጨምሩ ብለህ ጽፈህ፣ የተባረከ ውሃ አርክሰህ፣ ቤቴን የአገር መሳቂያ አላደረግህም?»

በል አሁን ተናገር! ብርጭቆውን ተናገር! ደምለው ቀና አለ፤ ዓይኑ መጋረጃው አጠገብ አገኘኝ። የጻፈውን ያነበብኩት እኔ እንደሆንኩ ያውቃል። እሱ እውነቱን ቢናገር ወይ እኔ ወይ አባቴ ውሸታም እንደምንሆን ገባው። አየኝ፣ አየኝና መሬት አየ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጌታዬ» አለ።

ኧረ በሕግ አምላክ! ማን ለምኖህ ነው? በእኔ ስም ልትዋረድ ማን ፈቀደልህ? ጎንደር ድረስ ሄደህ የተማርከው አንገት መድፋት ነው? እንዲህ ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ግራዝማች ሣህለ ማርያም ጢማቸውን እየዳበሱ «ደብዳቤውስ የት አለ?» አሉ። «ሰው ያለ ማስረጃ ከእንጀራው አይነቀልም።»

«ተቃጥሏል። ልጄ ግን አንብባልኛለች። ሀብትነሽ! ነይ፣ የሚለውን ተናገሪ» አሉ አባቴ።

እትዬ ወለተ ሐና ነጠላዬን ያዙ። «ልጄ፣ አባትሽ ናቸው» አሉ በሹክሹክታ። ነጠላውን እጃቸው ላይ ትቼላቸው ወደ መሐል ወጣሁ። አባ ወልደ ሰንበት ከተቀመጡበት መስቀላቸውን ዘረጉልኝ፤ ተሳለምኩ። አባቴ ዓይኔን ዓይኔን ያዩኛል። በዚያ ዓይን ውስጥ ትእዛዝ ብቻ ቢኖር ኖሮ ቀላል ነበር። ልመናም ነበረበት። አባቴ ለምነውኝ አያውቁም። ግን ደግሞ እዚያ ጋ አንድ ሰው ያልሠራውን ተሸክሞ ቆሟል፤ እሱም ለእኔ ብሎ ነው።

እጄን ደረቴ ውስጥ ሰደድኩና ወረቀቱን አወጣሁ።

«አልተቃጠለም» አልኩ።

«ሀብትነሽ!»

ማንበብ ጀመርኩ። አንደኛውን፣ ሁለተኛውን አነበብኩ። ሦስተኛው ላይ አባቴ «ዝም በይ!» ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። ዝም አላልኩም። ይህ ከሁሉ ይበልጣል የሚለውን፣ ብርጭቆውን፣ እንደ ሻይ ከቀላ ምንም እንዳይጨመር የሚለውን፣ አንድም ቃል ሳልዘል አነበብኩ። ስጨርስ ወረቀቱን ለአባ ወልደ ሰንበት ሰጠኋቸው። ወደ በሩ ብርሃን አስጠግተው አዩትና «ልጅቱ ያለችውን ነው የሚለው» አሉ።

ግራዝማች ተነሡ። «ፊታውራሪ፣ አባቷን በአደባባይ ያጋለጠች ልጅ እኛ ቤት አትገባም» አሉ። ለደምለው ፍርድ የሰጡ መስሏችሁ ነበር? ለእሱ አንድ ቃል አልተናገሩም! ሽማግሌዎቻቸውን አስከትለው ሄዱ። አባቴ ቆመው ቀሩ። በሕይወቴ ያን ያህል ተቆጥቼ፣ ያን ያህልም ለአባቴ አዝኜ አላውቅም።

አባ ወልደ ሰንበት ወረቀቱን አጣጥፈው መለሱልኝ። «ውሃው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዓፀድ፣ ወይራዎቹ ሥር ይለቀቅ። እዚያ እግር አይረግጥም። ከጓሮው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር አንድ ቦይ መቆፈር ነው» አሉ።

«አባ፣ ይህን እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩንም?» አልኳቸው።

«ማን ጠየቀኝ?»

ከጥር እስከ ሚያዝያ! ለወጉ ሲጨነቁ ወጉን የሚያውቁትን ሰው የጠየቀ የለም! አባቴ ጋቢያቸውን ሰብስበው እልፍኝ ገቡ። ክሱ በዚያው ቀረ፤ እኔን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገሩኝም።

ቦይው ተቆፍሮ ውሃው ወደ ወይራዎቹ ከሄደ በኋላ እድፉ ግድግዳው ላይ ቀረ። ደምለው ሳያጸዳ ወደ ሞጣ አልሄደም። «አትገደድም» ቢሉት «መድኃኒቱ የእኔ ነበር» አለ። ከየጁቤ ቆላ ሁለት ጆንያ ሎሚ አስመጣ። ሎሚውን ለሁለት እየቆረጠ ግድግዳውን ያሻል፤ ትንሽ ይቆይና በብሩሽ ይፍቀዋል፤ ቡናማው እየለቀቀ ሲሚንቶው ይወጣል። ረቡዕ ጠዋት ጫማዬን አውልቄ፣ ቀሚሴን ወገቤ ላይ ሸጉጬ፣ ያንን የዛገ መሰላል ወረድኩት። የፊታውራሪ ልጅ ገንዳ ውስጥ ገባች ብሎ ሠራተኛው ሁሉ ዳር ላይ ተሰለፈ። ይሰለፍ!

«ሀብትነሽ፣ እዚህ አይሆንም» አለ ደምለው።

«ሎሚ አቀብለኝ። ከዚህ ጥግ እጀምራለሁ።»

አቀበለኝ። ጎን ለጎን ፋቅን። ሎሚው የተላጠ ጣቴን አቃጠለኝ፤ ንዴቴ ግን ይበልጥ ያቃጥል ነበር።

«ለምን ጥፋቱ የእኔ ነው አልክ?»

«አባትሽ ናቸው። በእሳቸውና በአንቺ መካከል ገብቼ ምን ልሁን?»

«እኔን ጠይቀኸኛል? አንተም እንደ እነሱ ሳትጠይቀኝ ወሰንክልኝ!»

ብሩሹ ቆመ። «እውነትሽን ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ይቅር በይኝ።»

«አልልም። ገና አልጨረስኩም። ሁለት ገጽ ስትጽፍ ለእኔ አንዲት ቃል ነፈግኸኝ። አንዲት!»

«እንዴት ልጻፍ? ደብዳቤው ለአባትሽ ነው። ፊታቸው ቆመሽ ጮክ ብለሽ እንደምታነቢው አውቃለሁ። አስቤሽ ብዕሬን እያነሣሁ አራት ወረቀት ቀድጃለሁ። ምን ልታደርጊው ነበር?»

«አነበው ነበራ!» አልኩት። ባዶው ገንዳ ድምፄን ተቀብሎ አስተጋባው፤ ዳር የቆሙት ሁሉ ሰሙ። «ጮክ ብዬ አነበው ነበር! ስለ ብርጭቆህ ያነበብኩትን ያህል፣ ከዚያም አብልጬ! አሁንም ጻፈው። ለእሳቸው ጻፈውና እኔ አነበዋለሁ።»

ብድግ ብሎ አየኝ፤ በዚያ በመጀመሪያው ቀን በብርጭቆ በኩል ባየኝ ዓይን። ፊቱ በሎሚና በዝገት ተዥጎርጉሯል። ሳቅሁ፣ አለቀስኩም፤ እንባዬን ልጠርግ ስል ሎሚው ዓይኔ ገባና ሁለታችንም ሳቅን። ቀና ስል አባቴ ከላይ፣ ከገንዳው ጠርዝ ላይ ቆመዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አላውቅም። ዞረው ሄዱ።

ደምለው በማግሥቱ ወደ ሞጣ ተመለሰ። ሁለት ሳምንት አለፈ። አባቴ አሁንም አያናግሩኝም፤ የሚፈልጉትን ለእትዬ ወለተ ሐና ነው የሚነግሩት። ገንዳው ነጭ ሆኖ፣ ባዶውን ተቀምጧል። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የጭነት መኪናው ፖስታ ጥሎ ሄደ። አባቴ ፖስታውን ቀደው ወረቀቱን አገላበጡት፤ አራቁት፣ አቀረቡት። እትዬ ወለተ ሐናን አዩ፤ እሳቸውም ፊደል አይለዩም። ከረጅም ጊዜ በኋላ «ነይ አንብቢ» አሉኝ። በሁለት ሳምንት ውስጥ የሰጡኝ የመጀመሪያው ቃል ነው።

ፊታቸው ቆምኩ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ለተከበሩ ፊታውራሪ ኃይለ ጊዮርጊስ። ጤና ይስጥልኝ። ይህ ደብዳቤ ስለ ገንዳው አይደለም። እኔ የሞጣው ሸማኔ የማናዬ ልጅ ነኝ። ትከሻዎ ላይ ያለውን ጋቢ ፈትሉን የፈተለችው እናቴ ናት፤ የሠራው አባቴ ነው። ግቢዎ በገባሁበት ቀን የእጁን ሥራ አይቼ አውቄዋለሁ። ልጅዎን ሀብትነሽን እወዳታለሁ። ይህንን ጮክ ብላ እንደምታነብልዎ አውቃለሁ፤ እንድጽፈው ያዘዘችኝም እሷ ናት። እሷ ፈቃዷን ነግራኛለች። እርስዎም ቢፈቅዱ ሽማግሌ ልልክ እለምናለሁ። አክባሪዎ፣ ደምለው ማናዬ።»

ወረቀቱን ዝቅ አደረግሁ። የአባቴ እጅ ቀስ ብሎ ወደ ጋቢው ሄደ። አሁን አውልቀው ይጥሉታል አልኩ በልቤ። ጫፉን በሁለት ጣታቸው ይዘው ሽመናውን ዳበሱት፤ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ገና ዛሬ ያዩት ይመስል ተመለከቱት። አላወለቁትም።

«ድገሚው» አሉ።

ደገምኩት፤ ከፊተኛው ይበልጥ ጮክ ብዬ።